የጋይንት መንገድና የፎቶግራፍ ትምህርት

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን ለቅቀው ወደ መቅደላ ሲጓዙ፣ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በጋይንት በኩል አሳልፈዋል። መንገዱን ድንጋይ እየፈለጠና ገደል እየናደ የጠረገው ሠራዊታቸው ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱም በገዛ እጃቸው ሠርተዋል። ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ለዚህ ታላቅ ድካም ግን የተነሣ ፎቶግራፍ አይታወቅም።

በዚያው ወራት ከዙላ ወደ መቅደላ ይገሠግሥ የነበረው፣ በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ከመሐንዲሶቹ ጋር ፎቶግራፍ አንሺዎችን ይዞ ነበር። የዘመኑ ሥራ አድካሚ ነው። የመስተዋቱ ሰሌዳ ኬሚካል ተቀብቶ ሳይደርቅ ምስሉን መቀበል፣ ወዲያውም በጨለማ ድንኳን ውስጥ መታጠብ ነበረበት። ከዚህም የተነሣ የእንግሊዞቹ ሰፈር፣ መኮንኖቻቸውና የተፈቱት እስረኞች በምስል ሲተርፉ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን የሠዉት ንጉሠ ነገሥት የተነሡት ፎቶግራፍ አልተገኘም። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ግን ጥቂት ወራት ቆይቶ በእንግሊዝ አገር በጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን ተነሥቷል። እንግዲህ የዘመቻው ምስል የታየው ካሜራውን ከያዘው ወገን ብቻ ነው።

ይህ ሁኔታ በዚያ ዘመን አላበቃም። በድጓ ትምህርት የታወቀችውን የጋይንት ቤተልሔምን እ.ኤ.አ. በ1955 የጎበኘው እንግሊዛዊው ቶማስ ፓከንሃም፣ በክቡ የሣር ክዳን ውስጥ ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አይቶ፣ በ1959 ባሳተመው መጽሐፍ ለውጭው ዓለም አስታወቀ። የአገሩ ካህናትና የድጓ ተማሪዎች ግን ከጥንትም ያውቁት ነበር። ዕውቀቱ በእነርሱ ዘንድ ሳለ፣ ዜናው ወደ ውጭ የወጣው በእንግዳ ብዕር ሆነ።

ፊልም በሚሠራበት ዘመን ፎቶግራፍ ማንሣትን በትርፍ ጊዜ መማር ለገጠር ሰው የማይቀመስ ነበር። በአንድ ጥቅል ከ36 ምስል በላይ እምብዛም አይነሣም፤ ስሕተቱም የሚታወቀው ገንዘብ ከተከፈለና ፊልሙ ከታጠበ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በኮዳክ ኩባንያ መሐንዲሱ ስቲቨን ሳሰን የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ 10,000 ነጥብ ያለውን አንድ ምስል በካሴት ለመቅዳት 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር። ዛሬ አንድ ተራ የእጅ ስልክ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። በነፋስ መውጫ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ የሚኖር ጀማሪም ስሕተቱን ወዲያው አይቶ ያርማል።

ትምህርቱ በሦስት ነገሮች ላይ ይቆማል፤ እነርሱም የብርሃን መግቢያው ስፋት፣ የመዝጊያው ፍጥነትና ካሜራው ብርሃን የመቀበል ኃይሉ ናቸው። ነጭ ጋቢ የለበሰ ገበሬ በቀትር ፀሐይ ሲነሣ ጋቢው ይነጣል፣ ፊቱ ይጠቁራል፤ ጧትና ማታ ግን ብርሃኑ ይለዝባል። በጨለማ ቤት ውስጥ መዝጊያው ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት እንዲቆይ ስለሚያስፈልግ፣ ክንድን በምሰሶ ማስደገፍ ይበጃል።

ይሁን እንጂ ዋናው ትምህርት ከማንሣት በኋላ ይጀምራል። ካሜራው ቀኑንና ሰዓቱን በምስሉ መዝገብ ውስጥ ይጽፋል፤ የሰውዬውን ስምና የቀበሌውን ታሪክ ግን አያውቅም። ስልኩ የጠፋበት ሰውም ሌላ ቅጂ ከሌለው ምስሉን ሁሉ ያጣል። ስለዚህ ጀማሪው የሚያነሣውን ሰው አስፈቅዶ ስሙንና ስፍራውን ሊመዘግብ፣ ቅጂውንም በሁለት ቦታ ሊያኖር ይገባል። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰው ዛሬ መሣሪያውን በእጁ ይዟል፤ የ1860ው መንገድ ያጣውን ምስክር ለሚመጣው ትውልድ ማቆየት የእርሱ ፋንታ ነው።