ነጻ የግል ሥራ በቡሹሎና በሐዋሳ

በሐዋሳ ከተማ የሚገኘው የቡሹሎ አካባቢ ኑሮው ከከተማዋ የሥራ ገበያ ጋር የተሳሰረ ነው። በዚህ ገበያ የግል ድርጅት ምን ያህል ሥራ እንደሚፈጥር ከሁሉም በላይ የሚያሳየው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። ፓርኩ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ሼዶቹን የገነባው መንግሥት ሲሆን፣ ተከራይተው የገቡት አብዛኞቹ የውጭ የልብስ አምራቾች ነበሩ። ስለዚህ ስለ ነጻ የግል ሥራ ሲወራ «ነጻ» የሚለው ቃል እዚህ በልኩ መወሰድ አለበት፤ መሬቱም ጣሪያውም የመንግሥት ነው።

ፓርኩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችን ቀጠረ፤ አብዛኞቹ ከሲዳማና ከአጎራባች አካባቢዎች የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ለግል ዘርፍ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ ስለሌለ መነሻ ክፍያው አነስተኛ ነበር፤ ብዙዎች አንዲት ክፍል በጋራ ተከራይተው ይኖራሉ፣ ሥራውን ቶሎ የሚለቁትም ጥቂት አይደሉም። የደመወዙ ገንዘብ ግን ፓርኩ ውስጥ አይቀርም፤ ለቤት አከራይ፣ ለሱቅ፣ ለምግብ ቤትና ለባጃጅ ይደርሳል።

ኅዳር 2014 ዓ.ም. የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች በፓርኩ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ በታኅሣሥ ደግሞ ኢትዮጵያ አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ የቀረጥ ነጻ ገበያ ዕድል ተሰረዘች። በዋሽንግተን የተወሰነ ውሳኔ የሐዋሳን ቤት አከራይ እናት ነካ። በአንጻሩ ከሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ አጥምዶና ጠብሶ ለአካባቢው ሰው የመሸጥ ሥራ እንዲህ ባለ ፊርማ አይዘጋም፤ ቀጣሪነቱ ግን በጣም ትንሽ ነው።