ሠዓሊ የከፈተው ዩኒቨርሲቲና የእኛ ሐዋሳ

እ.ኤ.አ. በ1972 ጀርመናዊው የጥበብ ሰው ጆሴፍ ቦይስ ከሚያስተምርበት የዱሰልዶርፍ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ተባረረ። ጥፋቱ ምን ነበር? አካዳሚው «አትገቡም» ያላቸውን አመልካቾች «እኔ አስተምራቸዋለሁ» ማለቱና ከተማሪዎች ጋር ጽሕፈት ቤቱን መያዙ። ያሰናበተው ሚኒስትር ዮሃንስ ራው በኋላ የጀርመን ፕሬዚዳንት ሆኗል።

ቦይስ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በ1973 ከኖቤል ተሸላሚው ደራሲ ሃይንሪሽ ቦል ጋር ሆኖ «ነፃ ዓለም አቀፍ ዩኒቨርሲቲ»ን መሠረተ። በ1977 ካሰል ከተማ በዶኩሜንታ ዐውደ ርዕይ ላይ ለ100 ቀናት ስለ ኑክሌር ኃይል፣ ስለ ሥራ አጥነትና ስለ መገናኛ ብዙኃን ማንም ገብቶ የሚከራከርበት መድረክ ዘረጋ። ሐሳቡ አጭር ነው፦ ማኅበረሰብም እንደ ሸክላ በእጅ የሚበጅ ነገር ነውና ሁሉም ሰው ይሥራው።

በአገራችንም ሠዓሊዎች ትምህርት ቤት ከፍተዋል። አለ ፈለገ ሰላም ከቺካጎ ተምሮ ተመልሶ በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መሠረተ። ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር በጎሲያን አስተማሩበት። ከዚያው የተመረቀው ኤልያስ ስሜ ደግሞ ከመስከረም አሰግድ ጋር መካኒሳ ላይ በጭቃና በጭድ የዞማን ሙዚየም ሠራ።

ልዩነቱን ግን አንርሳ። የአለ ትምህርት ቤት የመንግሥት ስለነበረ መሥራቹ ካለፈም በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ስሙን ይዞ ቀጥሏል። የቦይስ ዩኒቨርሲቲ ነፃ ነበር፤ እሱ በ1986 ሲሞት ግን ብዙ አልቆየም። ነፃነት ያለ ተተኪ ዕድሜው አጭር ነው፤ ተቋምም ያለ ነፃነት ዲግሪ ማደያ ብቻ ይሆናል።

ይህን የምለው ከራሴ ነው። ዲግሪዬን እስክይዝ ብዙ ተፈትኛለሁ፤ «አንተስ ስለምትኖርበት ከተማ ምን ታስባለህ?» ብሎ የጠየቀኝ መምህር ግን አላስታውስም።

ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የሚመረቅ ወጣትም አላት። ከዚያም በላይ «አፊኒ» አላት። የሲዳማ ሽማግሌዎች ውሳኔ ከመስጠታቸው በፊት «ሰማችሁ ወይ?» ብለው የሚጠይቁበት፣ ያልሰማና ያልተናገረ ሳይኖር የማይቋጩበት ሥርዓት ነው። ቦይስ 100 ቀን የደከመበትን ነገር እኛ ከአያቶቻችን ወርሰነዋል።

የጎደለን ሁሉም ቋንቋ ተናጋሪ የሚገባበት አንድ አዳራሽና በሳምንት አንድ ምሽት ነው። ባለሙያውም፣ ዓሣ አጥማጁም፣ ሥራ ፈላጊው ተመራቂም እኩል ይቀመጡ። ከዚያ ስለ ሐይቁም፣ ስለ መሬቱም፣ ስለ ሥራውም ከመወሰኑ በፊት አንዱ ተነሥቶ ይጠይቅ፦ አፊኒ?