ለዛፍ እንክብካቤ ድርጅት ተሽከርካሪና ማሽን ስለ መግዛት፣ ሠራተኛም ስለ መቅጠር

የዛፍ እንክብካቤ ሥራ በመኖሪያ ግቢ፣ በተቋማት ቅጥር ውስጥና በመንገድ ዳር የሚገኙ ዛፎችን መግረዝን፣ የደረቁትን ወይም ለመውደቅ የተቃረቡትን መቁረጥን፣ ጉቶ መንቀልንና የተቆረጠውን እንጨት ከቦታው ማንሣትን የሚያጠቃልል የአገልግሎት ዘርፍ ነው። በከተሞች የሥራው ፍላጎት ጎልቶ የሚታየው ክረምት ሲቃረብ ነው። በቤት ጣሪያና በኤሌክትሪክ መስመር ላይ ያዘነበለ ባሕር ዛፍ፣ ጥድ ወይም ግራቪሊያ ያለው ነዋሪ የሐምሌ ዝናብና ነፋስ ሳይመጣ ማስገረዝ ስለሚፈልግ፣ በግንቦትና በሰኔ ሥራው ይደራረባል። ከመስከረም በኋላ ደግሞ ይቀዘቅዛል። ለግዥም ሆነ ለቅጥር የሚወጣው ዕቅድ ከዚህ ወቅታዊነት መነሣት ይኖርበታል።

በዘርፉ ለመሰማራት የሚያስቡ ዜጎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቀድሙት የመኪናን ጉዳይ ነው። ይሁንና ለጀማሪ ድርጅት ከመኪናው ይልቅ ከፍተኛ ወጪና ኃላፊነት የሚያስከትለው ዛፉ ላይ የሚወጣው ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ያለው ገንዘብ ውሱን ሲሆን በመጀመሪያ የደኅንነት መሣሪያና የሞተር መጋዝ፣ ቀጥሎ የሠራተኞች ውልና መድን፣ በመጨረሻ ተሽከርካሪ ቢሆን ይመረጣል።

ከግዥ በፊት የሚሟሉ ጉዳዮች

ድርጅቱ በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 እና በማሻሻያው መሠረት መመዝገብ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ማውጣትና ፈቃድ መያዝ አለበት። ብቻውን የሚሠራ ሰው በግለሰብ ነጋዴነት ሊመዘገብ ይችላል። በንግድ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) መሠረት ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋምም ይቻላል። አደጋ ባለበት ሥራ የግል ሀብትን ከድርጅቱ ዕዳ መለየት ስለሚጠቅም ሁለተኛው አማራጭ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ግዥ ሁሉ በሕጋዊ ደረሰኝ ይፈጸም። ማሽን ያለ ደረሰኝ በርካሽ መግዛት ለጊዜው ትርፍ ቢመስልም ወጪው በግብር ስሌት ተቀባይነት አያገኝም፤ ማሽኑ ቢሰረቅ ወይም ባለቤትነቱ ቢያከራክርም ማስረጃ አይኖርም።

ተሽከርካሪ

የተገረዘ ቅርንጫፍ ክብደቱ ትንሽ፣ የሚይዘው ቦታ ግን ሰፊ ነው። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ከጉልበቱ ይልቅ የጭነት አልጋው ስፋት ይበልጥ ያስፈልጋል። ባለ አንድ ጋቢና አይሱዙ ብዙውን የከተማ ሥራ ይሸፍናል፤ ፒክአፕ መሣሪያና ሠራተኛ ለማመላለስ ይበቃል እንጂ እንጨቱን ለማንሣት ብዙ ምልልስ ይጠይቃል። ሥራው በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ብቻ በሚገኝበት የመጀመሪያ ዓመት አይሱዙ በቀን መከራየት ከመግዛት ይሻላል። የኪራይ ዋጋው በእያንዳንዱ ሥራ ሒሳብ ውስጥ ገብቶ በደንበኛው ይሸፈናል። የተገዛ መኪና ግን ሥራ በሌለበት ወርም የመድን፣ የዓመታዊ ምርመራና የብድር ክፍያ ይጠብቀዋል።

መግዛት የግድ ሲሆን ገዢው ሁለት ነገሮችን ያገናዝብ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ከዚያ አስቀድሞ የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን በከፍተኛ መጠን ስለሚቀርጥ፣ አብዛኛው ገዢ ፊቱን የሚያዞረው በአገር ውስጥ ወዳሉ ያገለገሉ መኪኖች ነው። እነዚህን ሲገዙ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ በሊብሬው ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆኑን በዐይን ማየት፣ ቦሎው የታደሰ መሆኑን ማረጋገጥ፣ መኪናው ተመዝግቦበት ከሚገኘው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ዕዳና እግድ እንደሌለበት መጠየቅ፣ ከዚያም የሽያጭ ውሉን በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት አረጋግጦ ስም ማዛወር ያስፈልጋል። በውክልና ብቻ ተገዝቶ ስሙ ያልተዛወረ መኪና በሻጩ ዕዳ ሊታገድ እንደሚችል መዘንጋት አይገባም።

አሽከርካሪው ለሚይዘው ተሽከርካሪ ዓይነት የሚስማማ መንጃ ፈቃድ ሊኖረው ግድ ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ሲሆን፣ ይህ መድን የሚሸፍነው ተሽከርካሪው በሌላ ሰው ላይ የሚያደርሰውን አደጋ ነው። ከዛፍ ላይ የወደቀ ግንድ የጎረቤት አጥር ቢያፈርስ አይሸፍንም። ለዚህ የኃላፊነት መድን የተባለውን ለብቻው መግዛት ያሻል።

ማሽንና መሣሪያ

ለመነሻ ሁለት የሞተር መጋዝ ይበቃል፤ አንዱ ቀላልና ዛፍ ላይ ተወጥቶ የሚሠራበት፣ ሌላው ከበድ ያለና መሬት ላይ ግንድ የሚቆረጥበት። መለዋወጫው፣ በተለይም ሰንሰለቱና የሰንሰለቱ መሪ ብረት፣ በአካባቢው ገበያ የማይገኝ ማሽን ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ መግዛት አይመከርም። አብዛኞቹ የሞተር መጋዞች በቤንዚንና በዘይት ቅልቅል ስለሚሠሩ የቅልቅሉ መጠን በአምራቹ መመሪያ መሠረት መሆን አለበት። ቤንዚን በጀሪካን መቅዳት ቁጥጥር የሚደረግበት በመሆኑ ለድርጅቱ ሥራ የሚያስፈልገውን ፈቃድ ከአካባቢው የንግድ ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ መጠየቅ ሥራ ከመስተጓጎል ያድናል።

ቅርንጫፍ መክተፊያ ማሽንና ሠራተኛን በቅርጫት ወደ ላይ የሚያነሣ ተሽከርካሪ ለጀማሪ የሚገዙ አይደሉም። ባለ ቅርጫቱን ለአንድ ትልቅ ሥራ መከራየት ይቻላል።

ገንዘቡ የሌለው ድርጅት የካፒታል ዕቃ ሊዝ አገልግሎትን መጠቀም ይችላል። ይህ አሠራር በአዋጅ ቁጥር 103/1990 እና በማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 807/2005 የሚመራ ነው። ተቋሙ ድርጅቱ የመረጠውን ማሽን ይገዛል፤ ድርጅቱ እየሠራበት በየጊዜው ይከፍላል፤ በዱቤ ግዥ ዓይነቱ ክፍያው ሲያልቅ ባለቤትነቱ ይዛወርለታል። ማሽኑ ራሱ እንደ መያዣ ስለሚቆጠር ቤት ወይም ሌላ ንብረት ለማስያዝ ለማይችሉ ወጣቶች ጠቃሚ ነው። የሊዝ ተቋማት የሚደግፏቸው ዘርፎች ስለሚለያዩ አመልካቹ ማሽን ከመምረጡ በፊት የዛፍ እንክብካቤ የሚካተት መሆኑን ይጠይቅ። ያገለገለ ማሽን ከግለሰብ የሚገዛ ደግሞ ማሽኑ ለብድር መያዣ አለመሆኑን በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት በተቋቋመው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መዝገብ ማጣራት ይጠበቅበታል።

ሠራተኛ መቅጠር

አንድ ቡድን ከሦስት ሰው ባያንስ ይመረጣል፤ አንዱ ዛፍ ላይ የሚወጣ፣ ሁለተኛው ከሥር ሆኖ ገመድ የሚይዝ፣ ሦስተኛው ሰው እንዳያልፍ የሚጠብቅና ቅርንጫፍ የሚያነሣ። ግንድ በሚጣልበት ጊዜ ከዛፉ ቁመት እጥፍ በሚሆን ርቀት ውስጥ ሌላ ሰው መገኘት የለበትም። ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላ ወጣት በእንዲህ ያለ አደገኛ ሥራ ሊሰማራ አይችልም።

የቅጥሩን ግንኙነት የሚገዛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት ይገባዋል። ጽሑፍ አለመኖሩ የሠራተኛውን መብት አያስቀርም። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ የሚደረግ ሲሆን ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። በግንቦትና በሰኔ ብቻ የሚያስፈልጉ ሠራተኞች ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ ሊቀጠሩ ይችላሉ፤ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራን ሰው ግን በየወሩ በሚታደስ ውል ማቆየት በክርክር ጊዜ ለአሠሪው አይበጅም።

የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። ደንበኞች እሑድ ቤታቸው ስለሚገኙ በዚያ ቀን እንዲሠራላቸው ይጠይቃሉ። ሕጉ በሳምንታዊ ዕረፍት ቀን ማሠራትን የሚፈቅደው ለአስቸኳይ ሁኔታ ሲሆን ክፍያውም እጥፍ ነው። በሕዝብ በዓል ቀን ሁለት ተኩል እጥፍ ይሆናል።

የአንድ ሠራተኛ ወጪ ምን ያህል እንደሚሆን በምሳሌ ማየት ይቻላል። በወር 6,000 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ ቢቀጠር፣ በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት አሠሪው 11 በመቶ ማለትም 660 ብር ከራሱ ይጨምራል፤ ከሠራተኛው ደመወዝ ደግሞ 7 በመቶ ማለትም 420 ብር ይቀነሳል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ሆኖ የሥራ ግብሩ 700 ብር ይሆናል። ሠራተኛው እጁ ላይ 4,880 ብር ሲደርሰው አሠሪው የሚያወጣው 6,660 ብር ነው። ወሩ 26 የሥራ ቀናት አለው ተብሎ ቢሰላ፣ ይኸው ሠራተኛ አንድ እሑድ ስምንት ሰዓት ቢሠራ 461 ብር ከ54 ሳንቲም ይታሰብለታል።

ከሁሉ የሚከብደው የጉዳት ኃላፊነት ነው። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ሠራተኛው በሥራ ላይ ለሚደርስበት ጉዳት ተጠያቂ ነው። ከዛፍ ወድቆ ለጊዜው መሥራት ላልቻለ ሠራተኛ ከሕክምናው ወጪ ሌላ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ ለቀሪዎቹ ስድስት ወራት ቢያንስ 50 በመቶ ይከፈለዋል። በምሳሌው ደመወዝ የዓመቱ ክፍያ 40,500 ብር ይደርሳል። ሠራተኛው ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት ከደረሰበት የሚከፈለው በድርጅቱ መድን ወይም በጡረታ ሕጉ መሠረት ነው። በጡረታ ሕጉ ላልተሸፈነና መድን ላልተገባለት ሠራተኛ ግን የአምስት ዓመት ደመወዙን፣ በምሳሌው 360,000 ብር፣ የሚከፍለው አሠሪው ራሱ ነው። “የቀን ሠራተኛ ነው” ተብሎ ያለ ውልና ያለ መድን ዛፍ ላይ የሚወጣ ሰው አንድ ጊዜ ቢወድቅ ለራሱም ለቤተሰቡም ለድርጅቱም የሚተርፈው ይህ ነው።

ስለዚህ የራስ ቁር፣ የዐይንና የጆሮ መከላከያ፣ ጓንት፣ መጋዝ የሚያቋቁም የእግር ልብስ፣ የደኅንነት ቀበቶና የመውጫ ገመድ በአሠሪው ወጪ መቅረብ አለባቸው። ተራ የእቃ መጫኛ ገመድ የሰው መውጫ አይሆንም። የደኅንነት መመሪያውም በጽሑፍ ተዘጋጅቶ ሠራተኛው እንዲፈርምበት ይደረግ። አሠሪው ከተጠያቂነት ከሚድንባቸው ጥቂት ሁኔታዎች አንዱ ሠራተኛው በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ሲጥስ ወይም ራሱን መቆጣጠር በማይችልበት ደረጃ ሰክሮ ሲገኝ ነው፤ መመሪያው በጽሑፍ ካልተገኘ ይህን ማስረዳት አስቸጋሪ ይሆናል። ጉዳት ሲደርስ ተመዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ይገለጻል።

የኤሌክትሪክ መስመርና የመቁረጥ ፈቃድ

ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር የተነካካ ወይም ሊነካካ የሚችል ዛፍ መስመሩ ሳይቋረጥ አይነካም። ጥያቄው በ905 የስልክ መስመር ወይም በአቅራቢያው ለሚገኝ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዕከል ይቀርባል። ሥራው የሚጀመረውም የተቋሙ ባለሙያ መስመሩ መቋረጡን ካረጋገጠ በኋላ ነው።

በመንገድ ዳርና በሕዝብ ቦታ ያለ ዛፍ የከተማው ንብረት ስለሆነ ያለ ፈቃድ አይቆረጥም። በግል ግቢ ያለ እንደ ዝግባ፣ ጥድ፣ ኮሶና ዋንዛ ያለ ሀገር በቀል ዛፍም ቢሆን ከመቆረጡ በፊት የወረዳውን የአካባቢ ጥበቃና አረንጓዴ ልማት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል። ግንድና ማገዶ ከከተማ ወደ ከተማ የሚያጓጉዝ ተሽከርካሪ የእንጨቱን ምንጭ የሚያሳይ የመዘዋወሪያ ሰነድ መያዝ ይኖርበታል። ፈቃዱን ማን እንደሚያወጣ፣ ደንበኛው ወይስ ድርጅቱ፣ በሥራ ውሉ ላይ ቢጻፍ ይመረጣል።

ሠራተኛ የሚፈልጉ ድርጅቶች ክፍት የሥራ ቦታቸውን በወረዳው አንድ ማዕከል አገልግሎት መስጫ ወይም በሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓቱ በኩል ማስመዝገብ ይችላሉ። ሲቀርቡ የታደሰ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የሥራውን ዓይነት፣ ደመወዙንና የሚሰጠውን የደኅንነት መሣሪያ የሚገልጽ ደብዳቤ ይዘው መገኘት ይኖርባቸዋል።