ሞተር ሳይክል ነጂ በውድድር ሜዳ ምን ይማራል?

ሞተር ሳይክል መንዳት ከጀመርኩ ስምንተኛ ዓመቴ ነበር። በእነዚህ ዓመታት አንድም ቀን ወድቄ ስለማላውቅ ራሴን ጎበዝ ነጂ አድርጌ እቆጥር ነበር። አንድ እሑድ ጠዋት ግን በምኖርበት በሰሜን ቨርጂኒያ ከአውራ ጎዳናው ወደ ሠፈሬ የሚያስወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ ስይዝ መታጠፊያው ከጠበቅሁት በላይ እየጠበበ መጣ። በየሳምንቱ የማልፍበት መንገድ ነው፤ የዚያን ዕለት ግን ትንሽ ፈጠን ብዬ ገብቻለሁ። ዓይኔ ከዳር ባለው የብረት መከለያ ላይ ተተከለ። ነዳጁን ለቀቅኩ፤ የኋላ ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሌ ረገጥኩት። ተጋድሎ የነበረው ሞተር ቀጥ አለና ከአስፋልቱ ወጥቶ ጠጠሩ ላይ እየተንሸራተተ ከብረቱ አንድ እርምጃ ሲቀረው ቆመ።

ከኋላዬ ይመጣ የነበረ ባለታክሲ መኪናውን ዳር አስይዞ ወረደ። ጠይም፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው። ፊቴን አይቶ በአማርኛ፣ «ተርፈሃል ወንድሜ?» አለኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ መትረፌን ነገርኩት። ሞተሩን ዞር ዞር ብሎ ካየ በኋላ፣ «እግዜር ይመስገን በል። ይህንን ነገር ግን ሽጠው» ብሎኝ ሄደ።

አልሸጥኩትም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ለብዙ ቀን እንቅልፍ ነሳኝ። ያ መታጠፊያ በነበረኝ ፍጥነት ሊታጠፍ የሚችል ነበር። ሞተሩ ይችላል፣ ጎማው አዲስ ነው፣ አስፋልቱም ደረቅ ነው። ታዲያ ያቃተው ማን ነው?

መልሱ ከእኔ በፊት ተጠንቷል። በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሃሪ ኸርት የመሩት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1981 ሲታተም፣ በሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 የሞተር ሳይክል አደጋዎች በስፍራው ተመርምረው ከ3,600 የፖሊስ ሪፖርቶች ጋር ተገናዝበዋል። አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች 92 በመቶው መንዳትን የተማሩት በራሳቸው፣ ከቤተሰብ ወይም ከጓደኛ ነበር። በጭንቅ ሰዓት ብዙዎቹ የኋላውን ፍሬን አብዝተው ይረግጣሉ፤ የፊቱን በሚገባ አይጠቀሙም፤ ለማምለጥም ሞተሩን አያጋድሉም። ሳነበው የራሴን እሑድ የሚተርክ መሰለኝ። እኔንም ያስተማረኝ የሥራ ባልደረባዬ ነበር፤ በአንድ የገበያ አዳራሽ መኪና ማቆሚያ፣ በሁለት ከሰዓት በኋላ።

አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ «ትራክ ዴይ» የሚባል ነገር አለ። የመኪናና የሞተር ውድድር የሚካሄድባቸው ዝግ ሜዳዎች ውድድር በሌለባቸው ቀናት ለማንኛውም ነጂ በክፍያ ይከፈታሉ። የሚወዳደር የለም፤ ሰዓት አይያዝም፤ ሽልማትም የለም። በአንዳንዶቹ ቀናት አስተማሪዎች ተመድበው ትምህርቱ በሥርዓት ይሰጣል። በዘርፉ ከሚታወቁት አንዱ ኪት ኮድ እ.ኤ.አ. በ1980 የመሠረተው የካሊፎርኒያ ሱፐርባይክ ትምህርት ቤት ነው። ለእኛ ለዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነዋሪዎች ቅርብ የሆነው በዌስት ቨርጂኒያ የሚገኘው የሰሚት ፖይንት ሜዳ ሲሆን ዋናው ዙር 2 ማይል፣ ማለትም 3.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመትና 10 መታጠፊያዎች አሉት። ራቅ ብሎ ለመሄድ ለሚፈልግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1957 የተከፈተው የቨርጂኒያ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ አለ። እኔ የሄድኩት ወደ ቅርቡ ነው።

ዝግጅቱ ከሚገመተው በላይ ነው። ሙሉ ፊት የሚሸፍን ሄልሜት፣ አንድ ወጥ የሆነ ወይም ወገቡ ላይ በዚፕ የሚያያዝ የቆዳ ልብስ፣ የእጅ አንጓን የሚያልፍ ጓንትና ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ቦት ጫማ ግዴታ ነው። የቆዳ ልብስ ለሌለው ብዙ ቦታ ይከራያል። ሞተሩም ይፈተሻል፤ የጎማው ጥርስ፣ የፍሬኑ ሸራ፣ የካቴናው መወጠር፣ የሚያንጠባጥብ ዘይት መኖር አለመኖሩ ይታያል። ብዙ ቦታ የራዲያተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ተደፍቶ በውኃ እንዲተካ ይጠየቃል፤ ፈሳሹ አስፋልት ላይ ከፈሰሰ እንደ ሳሙና ስለሚያንሸራትት ነው። መብራቶች ቢሰበሩ ብርጭቆው እንዳይበተን በፕላስተር ይሸፈናሉ። ስፖኪዮ ይፈታል። ስፖኪዮው የሚፈታበትን ምክንያት ስጠይቅ፣ «ከኋላህ ያለው ሰው ያንተ ሥራ አይደለም፤ የሚያልፍህ ሰው ነው ኃላፊነቱ ያለበት» አሉኝ። ከተማ ውስጥ ለሚነዳ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው።

ጠዋት ተሳታፊዎች በጀማሪ፣ በመካከለኛና በከፍተኛ ይመደባሉ፤ እያንዳንዱ ቡድን በሰዓት 20 ደቂቃ ያህል ሜዳው ላይ ይውላል። የባንዲራዎቹ ትርጉም ሳይታወቅ መውጣት አይቻልም። ቢጫው ከፊት አደጋ አለና አትለፉ ማለት ነው፤ ቀዩ ሁሉም ዙሩን እንዲያቋርጥ ያዛል፤ ጥቁሩ የተዘረጋለት ነጂ ብቻ ተመልሶ እንዲገባ ነው፤ ባለ ጥቁርና ነጭ ዳማው ደግሞ ጊዜው ማለቁን ይናገራል። በእኛ በጀማሪዎቹ ቡድን መታጠፊያ ውስጥ መቅደም ክልክል ነበር።

ስምንት ዓመት ስለነዳሁ ጀማሪ መባሌ ትንሽ ከንክኖኝ ነበር። የመጀመሪያው ልምምድ ግን ኩራቴን አበረደው። ልምምዱ በአንድ ማርሽ፣ ያለፍሬን መዞር ነው። ማርሽ መቀየር የለም፤ ፍሬን መንካትም የለም። ፍሬን እንደማይነካ የሚያውቅ ሰው ገና ከሩቅ «በስንት ፍጥነት ልግባ?» ብሎ ማሰብ አለበት። እኔ ይህንን አስቤ አላውቅም። ልክ ከሄድኩበት የሚገላግለኝ ፍሬን እንዳለ እያሰብኩ ነበር መታጠፊያ የምገባው። በአምስተኛው ዙር ላይ ፍጥነቱን በዓይኔ መመጠን ስጀምር ሞተሩ ጸጥ አለ፤ መወዛወዙን አቆመ። ከዚያ በፊት ይወዛወዝ እንደነበርም ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ነዳጁን መዝጋት ክብደትን ወደ ፊት ጎማ ይወረውራል፤ ቀስ እያሉ መክፈት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። በመታጠፊያ ውስጥ የሚደረግ እያንዳንዱ ማመንታት ጎማው ጋር ይደርሳል።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ መሪ ነበር። ሞተር ሳይክል ከፈጠነ በኋላ ወደ ቀኝ እንዲታጠፍ የመሪውን ቀኝ እጀታ ወደ ፊት መግፋት ያስፈልጋል። ግፊቱ የፊት ጎማውን ለቅጽበት ወደ ግራ ያዞረዋል፤ ጎማው ከሥር ወደ ግራ ሲሸሽ የሞተሩ አካል ወደ ቀኝ ይጋደላል፤ ከተጋደለ በኋላ ይታጠፋል። ሁላችንም ሳናውቀው እናደርገዋለን። በነገራችን ላይ አውሮፕላን ከመሥራታቸው በፊት በዴይተን ከተማ ብስክሌት ይሸጡና ይጠግኑ ከነበሩት የራይት ወንድማማቾች አንዱ ዊልበር ብዙ ብስክሌት ነጂዎችን ወደ ግራ እንዴት እንደሚታጠፉ ጠይቆ አንዳቸውም በትክክል ሊመልሱለት አልቻሉም። በሰላም ጊዜ አለማወቁ አይጎዳም። የሚጎዳው በድንጋጤ ጊዜ ነው፤ የደነገጠ ሰው ሁለቱንም እጀታ አጥብቆ ይይዝና ሞተሩ እንዳይጋደል ራሱ ይከለክለዋል። እኔ ያን እሑድ ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

ፊዚክስ ለሚወድ አንባቢ ቁጥሩን ላስቀምጥ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄደ 25 ዲግሪ የተጋደለ ሞተር በግምት 60 ሜትር ሬዲየስ ያለው ቅስት ይሠራል። በዚያው ፍጥነት 35 ዲግሪ ቢጋደል ቅስቱ ወደ 40 ሜትር ይጠባል። በደረቅና ንጹሕ አስፋልት ላይ ደህና ጎማ ይህንን ያለ ችግር ይሸከማል። ለእኔ የጎደለኝ አሥር ዲግሪ ብቻ ነበር።

ይህንን ለአስተማሪዬ ስነግረው ሳቀ። ስልሳ ዓመት የሚሆነው ዝምተኛ ሰው ነው። «አሥሩን ዲግሪ የወሰደብህ ዓይንህ ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ዙሮች ከፊቴ እየሄደ፣ መታጠፊያ በደረስን ቁጥር ሄልሜቱን እያዞረ የት እንደሚያይ አሳየኝ። እኔ የማየው ከጎማዬ ፊት አሥር ሜትር ነበር፤ እሱ የሚያየው የመታጠፊያውን መውጫ ነው። ሞተር ዓይን ወደሄደበት ይሄዳል ሲባል አባባል ይመስለኝ ነበር። መውጫውን ማየት ስጀምር መታጠፊያዎቹ የሰፉ መሰለኝ፤ ፍጥነቱም የቀነሰ መሰለኝ፤ አስተማሪዬ ግን ከጠዋቱ ፈጥነህ ነው የሄድከው አለኝ። ኪት ኮድ እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣው መጽሐፉ የሰውን ትኩረት በኪስ ካለ አሥር ዶላር ጋር ያመሳስለዋል። አምስቱን በፍርሃት ላይ ያጠፋ ሰው ለሌላው ሥራ አምስት ብቻ ይቀረዋል ማለት ነው።

ፍሬንን በተመለከተ ትምህርት ቤቶች አይስማሙም። አንዳንዶቹ ጀማሪው ፍሬኑን ከመታጠፉ በፊት እንዲጨርስ ያስተምራሉ፤ ሌሎቹ የፊት ፍሬኑን እያላሉ ወደ መታጠፊያው ይዞ መግባትን ከመጀመሪያው ቀን ያሳያሉ። እኔ እንደማየው የመጀመሪያው ለመማር ይቀላል፤ ሁለተኛው ግን እየጠበበ በሚሄድ መንገድ ላይ ሕይወት ያድናል። ሁሉም የሚስማሙበት የፊት ፍሬን ዋናው መሆኑ ነው። በኃይል በሚቆምበት ጊዜ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚመጣ ማቆሚያው በአብዛኛው የፊቱ ጎማ ነው። እንደ ሎሚ ቀስ እያሉ መጭመቅ እንጂ ድንገት መጨበጥ አይገባም።

ከሰዓት በኋላ አንድ ወጣት ወደቀ። ጠዋት ከሁላችንም የተሻለ ይነዳ ነበር። ሙቀት ነበር፤ ውኃ አልጠጣም፤ የመጨረሻውን ዙር ማለፍ አልፈለገም። የፊት ጎማው ከዳው፤ እሱ ሣሩ ላይ ተንሸራትቶ ቆመ፤ ሞተሩ ተገለባበጠ። ቀይ ባንዲራ ወጣ፤ ሜዳው ላይ ተዘጋጅቶ የሚጠብቀው አምቡላንስ በፍጥነት ደረሰ። እጁ ተሰብሮ ነበር። በመንገድ ላይ ቢሆን ከፊቱ ምሰሶ ወይም የጭነት መኪና ይጠብቀው ነበር። ያም ሆኖ ሜዳው አደጋ የለውም ብሎ የሚያምን ሰው ባይሄድ ይሻላል።

ወጪው ቀላል አይደለም። ያለ ትምህርት የሚከፈት ቀን ብዙ ጊዜ ከሁለት መቶ ዶላር በላይ ያስከፍላል፤ አስተማሪ ያለበት ደግሞ የዚህ እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። የኢንሹራንስ ውልን ቀድሞ ማንበብ ይገባል፤ ብዙዎቹ በውድድር ሜዳ ላይ የደረሰ ጉዳትን አይከፍሉም። ባለቤቴ ይህንን አንብባ፣ «ለመውደቅ ነው የምትከፍለው?» አለችኝ። ከዚያ እሑድ በኋላ ሞተሩ እንዲሸጥ የጠየቀችው እሷም ነበረች። የተስማማነው እየተማርኩ ከቀጠልኩ ሊቆይ፣ ትምህርቱን ካቆምኩ ሊሸጥ ነው። እስካሁን ውላችን ጸንቷል።

የሜዳው ትምህርት የማይፈታው ነገርም አለ። በኸርት ጥናት ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር በደረሱት ግጭቶች ሁለት ሦስተኛ ገደማ ቅድሚያ የከለከለው የመኪናው አሽከርካሪ ነው፤ ሞተረኛው ለማምለጥ የነበረው ጊዜም በአብዛኛው ከሁለት ሰከንድ ያነሰ ነበር። በውድድር ሜዳ ላይ ድንገት የሚታጠፍ ሚኒባስ፣ መንገድ የሚያቋርጥ ሰው ወይም የፈሰሰ ናፍጣ የለም። ሜዳው የሚሰጠው ሁለቱን ሰከንድ ሳይደነግጡ መጠቀምን ነው። እዚያ የለመዱትን ፍጥነት ወደ ከተማ ይዞ መምጣት ግን የተማሩትን ሁሉ መርሳት ነው።

አዲስ አበባ ያለ ሞተረኛ ወዳጄ ይህንን ስተርክለት፣ «እኛ ሜዳውን ከየት እናምጣው?» አለኝ። ለፍሬን ልምምድ የውድድር ሜዳ አያስፈልግም። ባለቤቱ የፈቀደለት ባዶ የመኪና ማቆሚያ፣ እሑድ ማለዳ፣ ሄልሜትና ጓንት፣ አሸዋ የተሞሉ አራት የሃይላንድ ጠርሙሶችና የሚያይለት ጓደኛ ይበቁታል። በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጀምሮ ጠርሙሱ ጋ ሲደርስ በሁለቱም ፍሬን ይቁም፤ ርቀቱን በእርምጃ ይለካ፤ ከተረጋጋ በኋላ በአምስት በአምስት ይጨምር። በደረቅ አስፋልት ላይ በደንብ የሚይዝ ሰው ከ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በ9 ሜትር ገደማ ይቆማል። ከ80 ግን ወደ 35 ሜትር ያስፈልገዋል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አራት እጥፍ ነው። በኮብልስቶንና በዝናብ ላይ ይህንን ቁጥር ይርሳው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውድድር ሜዳ ለሚሄድ አንድ የመጨረሻ ማሳሰቢያ አለኝ። ማታ ደክሞት ሲመለስ የፈታውን ስፖኪዮ መልሶ ማጥበቁን፣ የመብራቱን ፕላስተር መላጡንና የጎማውን ንፋስ ወደ መንገድ ልኩ መመለሱን ያረጋግጥ። እኔ በመጀመሪያው ቀን ስፖኪዮውን ቦርሳዬ ውስጥ ረስቼ ነው ሜዳውን ለቅቄ የወጣሁት፤ ያወቅሁትም አውራ ጎዳናው ላይ ከገባሁ በኋላ፣ መስመር ለመቀየር ወደ ግራ ዞር ስል ነው።