ከግጭ የወጡት ሰዎችና ከግጭ የሚወርደው ውሃ

የሰሜን ተራሮችን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ከዋልያ ጋር ተያይዞ ነው። እስቲ ዛሬ ከውሃው እንነሳ።

ከደባርቅ ተነስቶ ወደ ግጭ የተጓዘ ሰው የጅንባርን ፏፏቴ ያውቀዋል። ከግጭ ሜዳ የተጠራቀመው ውሃ ገደሉን ወርዶ ወደ ተከዜ ተፋሰስ ይገባል። ከላይ ሣሩ ካለ ዝናቡ ወደ መሬት ይሰርጋል፤ ምንጩም በበጋ ቶሎ አይነጥፍም። ሣሩ ተግጦ ካለቀ ግን ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል፤ ግርጌ ያለው ገበሬም በበጋ ውሃ ይቸግረዋል። እንግዲህ ይህን ሣር ማን ይጠብቀው?

የመንግሥታቱ መልስ ሲበዛ አንድ ነበር፦ ገበሬውን ማራቅ። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም በሕግ ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። በዚያው ሰሞን ደርግ ከገደሉ ግርጌ የነበሩ መንደሮችን በኃይል አስነሳ። ይህም ፓርኩን አላዳነውም፤ ጦርነቱ ሲመጣ ጠባቂ አጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገባ።

በ2008 ዓ.ም የግጭ 418 አባወራዎች ካሳ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ወረዱ። በዓመቱ ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ወጣ። ልቅ ግጦሽ መቀነሱ ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። ውጤቱን መካድ አይቻልም። ዋጋውን የከፈለው ግን ገብስ ዘርቶ፣ በግ አርብቶ ኖሮ በአንድ ጊዜ ከተሜ ሁን የተባለው ሰው ነው።

በ2011 ዓ.ም ፓርኩ ሲቃጠል የኬንያ ሄሊኮፕተርና የእስራኤል ባለሙያዎች ለእርዳታ መጡ። እነሱ እስኪደርሱ ከእሳቱ ጋር ሲታገል የሰነበተው ግን የአካባቢው ሕዝብ ነበር።

ሌላ መንገድ እንዳለ መንዝ ያሳየናል። የጓሳን ሣር ሕዝቡ ራሱ ለዘመናት ሲጠብቀው ኖሯል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ጊዜው ሲደርስ ተከፍቶ ለቤት ክዳን ይታጨዳል። ሥርዓቱ እንከን አልነበረውም ማለቴ አይደለም፤ መብቱ የባለርስቶች ብቻ ነበር። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ፈረሰ። ሕዝቡ ግን በኋላ በአዲስ ደንብ መልሶ አቆመው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳም ዛሬ እዚያው አሉ።

የደባርቅና የዳባት ገበሬም ሣሩ መቼ እንደሚዘጋና እንደሚከፈት ሲወሰን ድምፅ ይኑረው፤ ፓርኩ ከሚያስገባው ገንዘብም ድርሻው ይድረሰው። የተራራውን ሣር ጠብቅ የምንለው ሰው ከተራራው ካልተጠቀመ፣ ለማን ብሎ ይጠብቀዋል?

እናንተስ ምን ትላላችሁ?