ፈረንጁ ሲሄድ የቀሩት

ስለ ጨንቻ ሲነሳ ለአብዛኞቻችን የከተማ ልጆች መጀመሪያ ትዝ የሚለን አፕል ነው። ቀጥሎ ሸማ፤ ከዚያ ብርድ። አራተኛ ጨምሩ ብንባል ዝም እንላለን። ዛሬ አራተኛውን እኛ እንጨምር። የጨንቻን ደጋና ከሥሩ የተዘረጋችውን አርባ ምንጭን የቀየረ አንድ ታሪክ አለ፤ የወንጌላውያን አማኞች ታሪክ። ሰፈር ውስጥ በአጭሩ «ጴንጤ» የምንላቸውን ሰዎች ማለታችን ነው። «እኔ ጴንጤ አይደለሁም፣ ምን አገባኝ?» የምትሉ ካላችሁ አንዴ ታገሱን። ነገሩ ስብከት አይደለም፤ ታሪክ ነው። ታሪክ ደግሞ የሁላችንም ነው።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንዲህ ተብሎ ነው፦ ፈረንጅ መጣ፣ ክሊኒክ ከፈተ፣ ሰበከ፣ ሕዝቡ ተከተለ። የሚገርመው ወዳጁም ነቃፊውም በዚህ ይስማማሉ። ወዳጁ «ብርሃን አመጡልን» ይላል፤ ነቃፊው «መጤ ሃይማኖት» ይላል። በሁለቱም ወሬ መሃል ላይ ቆሞ የምናየው ፈረንጁን ነው። ዓመተ ምሕረቱን በተርታ ስንደረድረው ግን ሌላ ነገር እናያለን። ይህ እምነት በጋሞም ሆነ በጎረቤቱ በወላይታ ሥር የሰደደው ፈረንጁ በነበረበት ጊዜ ሳይሆን በሌለበት ጊዜ ነው።

ከፈረንጁ በፊት

የጋሞ ደጋ ባዶ ሜዳ አልነበረም። እንደ ብርብር ማርያም ያሉ ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት ከምኒልክ ዘመቻ ብዙ ዘመን በፊት እዚያ ነበሩ። ሕዝቡም የራሱ ሥርዓት ነበረው፦ በዱቡሻ ተሰብስቦ የሚመክር፣ ሃላቃ የሚሾም፣ በሽማግሌ መሥዋዕት የሚያቀርብ፣ ከሁሉ በላይ ያለውን ፈጣሪ «ጦሳ» ብሎ የሚጠራ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የምኒልክ ጦር ሲመጣ ኦርቶዶክስ እምነት እንደገና ተስፋፋ፤ አብሮት ግን የገባር ሥርዓትም መጣ። ብዙ ገበሬ አዲሱን ካህንና አዲሱን ባለ መሬት በአንድ ዓይን ማየቱ አይገርምም።

ሚስዮናውያን ከመድረሳቸው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ደግሞ ከጋሞ ወገን ኤሳ ላሌ የተባለ ሰባኪ ተነስቶ ነበር። መናፍስትን ተዉ፣ ጦሳን ብቻ ለምኑ፣ አትስረቁ፣ አትዋሹ እያለ ይዞር ነበር። ትምህርቱ ከጋሞ አልፎ ወላይታና ጎፋ ደረሰ። በመጨረሻ ባለሥልጣናት ይዘው አሰሩት። በኋላ የመጡት ሰባኪዎች «አንድ ፈጣሪ» ሲሉ ሕዝቡ ቃሉን አስቀድሞ ሰምቶት ነበር።

48 ሰዎች

በ1920 ዓ.ም በዶክተር ቶማስ ላምቢ የሚመራ የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ቡድን ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ወረደ። ሶዶ ላይ ጣቢያ ተከፈተ፤ ቀጥሎም የጋሞ አውራ ከተማ በነበረችው ጨንቻ። ልብ በሉ፣ አርባ ምንጭ የሚባል ከተማ በዚያን ጊዜ የለም። የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማነት ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ የወረደው በ1950ዎቹ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ውጤት ብዙ አልነበረም። ጣሊያን ወረረ፤ ሚስዮናውያኑም በ1929 ዓ.ም ሶዶን ለቀው ወጡ። በራሳቸው ዘገባ መሠረት ወላይታ ላይ ጥለዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ነበሩ። በእጃቸው የነበረውም ጥቂት የተተረጎመ የወንጌል ክፍል ብቻ። ጣሊያኖች አዲሱን እምነት ሊያጠፉ ሞከሩ። ዋንዳሮ የተባለው የወላይታ አማኝ ታሰረ፣ ተገረፈ፤ ከእስር ሲወጣ ግን መስበኩን ቀጠለ።

ከነጻነት በኋላ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ያገኙትን ማመን አቃታቸው። 48ቱ ወደ 10,000 ገደማ ሆነዋል። በ5 ዓመት ያለ ፈረንጅ የተሠራው፣ በ9 ዓመት ከፈረንጅ ጋር ከተሠራው በብዙ እጥፍ በለጠ ማለት ነው።

በእግር የመጡት

ይህ እሳት ወደ ጋሞ የተዛመተው በማን ነው? በአብዛኛው በወላይታ ገበሬዎች። ቋንቋቸው ከጋሞኛ ጋር ቅርብ ነው፤ ገበያቸውም ይገናኛል። አጥቢያዎች ከመካከላቸው ሰው መርጠው፣ እህልና ቅቤ አዋጥተው፣ ከነሚስቱና ከነልጆቹ ይልኩት ነበር። ሰውየው እዚያው ቤት ይሠራል፣ እንሰት ይተክላል፣ ፊደል ያስቆጥራል፣ ይሰብካል። ብዙዎቹ ታሰሩ፣ ተደበደቡ፤ አንዳንዱ ቆላ ወርዶ በወባ ልጁን ቀበረ።

የዓለም ታሪክ የምትወዱ የሜቶዲስቶቹን አባት ጆን ዌስሊን ታስታውሱ ይሆናል። ዌስሊ በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ያልተማሩ የሚባሉ ምእመናንን ሰባኪ አድርጎ በየመንደሩ ያሰማራ ነበር። በአሜሪካ ደግሞ የሜቶዲስት ሰባኪዎች በፈረስ ከመንደር መንደር እየዞሩ ገጠሩን አዳረሱት። የእኛዎቹ ፈረስ አልነበራቸውም፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው። ቤተ ክርስቲያን በደመወዝተኛ ካህን ብቻ አትቆምም፤ ጎረቤት ለጎረቤት ሲናገር ነው የምትቆመው። ልዩነቱ የእነዚያ ፈረሰኞች ማስታወሻ ታትሞ ይነበባል። ከእኛዎቹ መካከል የማሐሪ ጮራሞን ታሪክ የያዘ መጽሐፍ አለ፤ የብዙዎቹ ታሪክ ግን ከልጅ ልጆቻቸው ጆሮ አልወጣም።

በነሐሴ 1936 ዓ.ም መንግሥት የሚሽኖችን ሥራ የሚወስን ደንብ አወጣ። አገሩ «ክፍት» እና «ዝግ» ተብሎ ተከፈለ፤ ኦርቶዶክስ የበዛበት ዝግ፣ ሌላው ክፍት። የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ ሆነ። ስለዚህ የጋሞ ልጅ በጋሞኛ እየጸለየ በአማርኛ ማንበብ ተማረ። ለብዙ የገጠር ቤተሰብ የመጀመሪያው ፊደል ቆጣሪ ልጅ የተገኘው ከዚያ የቤተ ክርስቲያን ሣር ቤት ነው።

ጎሜ

የአማኝ ወገን ታሪክ ሲነገር ተቃዋሚው ሁልጊዜ ክፉ ነው። እኛ እንዲህ ለማለት አንቸኩልም። በጋሞ «ጎሜ» የሚባል ነገር አለ፤ የአገር ወግ ሲጣስ የሚመጣ መዓት ነው። ጎሜ የሚመታው አጥፊውን ብቻ አይደለም። ዝናብ ይቀራል፣ ከብት ይታመማል፣ ሕፃን ይሞታል። እንግዲህ አንዱ ጎረቤት ድንገት ተነስቶ «ከዛሬ ጀምሮ ከመሥዋዕቱ የለሁበትም» ሲል ሽማግሌው ምን ይሰማው? ለእርሱ ይህ የእምነት ነጻነት ጥያቄ አይደለም፤ በመንደሩ ላይ የተጣለ አደጋ ነው። አማኙ ደግሞ ከጎሜ ፍርሃት ነጻ በመውጣቱ እንደገና የተወለደ ያህል ይሰማዋል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ጠቡም የመረረው ለዚህ ነው።

ሌላም አለ። በጋሞ ወግ «ማላ» የሚባለው ወገን ሸክላ ሠሪውንና ቆዳ ፋቂውን ዝቅ አድርጎ ያያል፤ አብሮት አይጋባም። አዲሱ እምነት «ሁሉ እኩል ነው» ብሎ አስተማረ፤ በአንድ ወንበር አስቀመጠ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጋብቻ ላይ ሲደረስ ግን ዛሬም ብዙ ቤተሰብ ወደ ኋላ ይላል። በሰንበት የተባለው ሰኞ ላይ ይረሳል። ይህንን ሳይጠቅሱ ታሪኩን ማሞገስ ግማሹን መናገር ነው።

የተዘጋው በር

ሁለተኛው ፈተና በደርግ ዘመን መጣ። ሚስዮናውያኑ እንደገና ሄዱ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ አዲስ አበባ ላይ ታፍነው ተገደሉ። በደቡብ የቃለ ሕይወት አጥቢያዎች በብዛት ተዘጉ፤ ሕንጻዎች ለሌላ አገልግሎት ተወሰዱ፤ ሽማግሌዎች ታሰሩ። ሰዎች በየቤቱ፣ በሌሊት፣ ድምፅ ቀንሰው ጸለዩ። አስቡት፤ በዝማሬ የሚታወቅ ሕዝብ በሹክሹክታ ሲዘምር።

በ1983 ዓ.ም በሩ ሲከፈት እንደ ጣሊያኑ ዘመን ሁሉ ከገባው የሚበዛ ሰው ወጣ። በ1999 ዓ.ም ቆጠራ በያኔው ጋሞ ጎፋ ዞን ከሕዝቡ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ፕሮቴስታንት ነኝ ብሏል። አርባ ምንጭ ከተማ ላይ ግን በዚያው ቆጠራ ኦርቶዶክሱ ይበልጣል። ደጋና ቆላ፣ ገጠርና ከተማ የተለያየ መልክ አላቸው።

አፕሉስ?

አሁን ወደ አፕሉ እንመለስ። የአፕልን ችግኝ ጨንቻ ላይ የተከሉት ሚስዮናውያን ናቸው። አፕል ለማበብ ብርድ ይፈልጋል፤ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሞቃቷ አርባ ምንጭ አትሆነውም፤ 2,700 ሜትር ግድም ያለችው ጨንቻ ግን ተስማማችው። ይሁንና ዛፉ ለረጅም ዓመታት የግቢ ጌጥ ሆኖ ኖረ። የገበሬው ሀብት የሆነው ብዙ ቆይቶ ነው፤ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን የልማት ሥራ ችግኙን አባዝቶ ሲያዳርስና ገበሬዎች ማዳቀሉን ሲለምዱ። እንደ እምነቱ ሁሉ፣ ፈረንጁ የተከለው በአገሬው እጅ ሲገባ ነው ያፈራው።

እዚህ ላይ ዴና ፍሪማን የተባለች አንትሮፖሎጂስት ያነሳችው ነገር ያሳስበናል። በጋሞ ወግ ሀብት ያገኘ ሰው ሹመት ተቀብሎ አገሩን መደገስ ነበረበት፤ ሀብቱ በዚያው ይከፋፈላል። ጴንጤ የሆነ ወጣት ግን ከድግሱ ነጻ ነው። የአፕሉን ብር ይቆጥባል፣ ቆርቆሮ ይገዛል፣ ልጁን ያስተምራል። ይህ መልካም ነው። ግን ድሮ በድግሱ የሚበላው ደሃ ጎረቤትስ? ማን ያስበው? ይህ ጥያቄ ለጋሞ ብቻ አይደለም፤ ኮንዶሚኒየም ገብተን ዕቁብና ዕድር ለረሳነው ለሁላችንም ነው።

እርጥብ ሣር

መስከረም 2011 ዓ.ም ቡራዩ ላይ የጋሞ ተወላጆች ተገደሉ። አርባ ምንጭ ላይ የተቆጣ ወጣት ለበቀል ወጣ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቱ ቆመ፤ ተመለሰም። ከወጣቶቹ መካከል በአባቶቹ ሥርዓት የማያምን ጴንጤ፣ ኦርቶዶክስም፣ ሙስሊምም እንደሚኖር ለመገመት ቆጠራውን ማየት ይበቃል። ሣሩን የረገጠ ግን አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ለመቶ ዓመት ያህል የተከራከረችው ወግ በዚያች ቀን የአማኞቿንም ልጆች ከደም አዳናቸው።

እኛ ከዚህ የምንወስደው ቀላል ነገር ነው። የጋሞ አማኝ እምነቱን ከፈረንጅ አልተዋሰም፤ በእግሩ ሄዶ፣ ተገርፎ፣ ተደብቆ የራሱ አደረገው። ስለዚህ «መጤ» ብሎ ማቃለል አላዋቂነት ነው። በሌላ በኩል የአባቶቹን ዱቡሻ «ጨለማ» ብሎ መጣልም ያው አላዋቂነት ነው። አንዱ ተራራ ሁለቱንም ወልዷል።

ደግሞ ጊዜው እየሄደ ነው። የጣሊያኑን ዘመን በዓይኑ ያየ ሰው ማግኘት አሁን እጅግ ከባድ ነው። በ1975 ዓ.ም በሹክሹክታ የዘመረው የ20 ዓመት ወጣት ግን ዛሬ 60ን አልፏል፤ አርባ ምንጭ ሲቀላ ወይም ሴቻ፣ ወይም እዚሁ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሸማ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል። ስልካችሁ ድምፅ ይቀዳል። ጠይቁት። ማን ሰበከህ? ከየት በእግሩ መጣ? ሚስቱስ ማን ትባል ነበር? የአጥቢያችሁን ሕንጻ የመረቀው ሰው ስም በእብነ በረድ ተጽፏል፤ የመጀመሪያውን ሣር ቤት የሠሩት ሰዎች ስም ግን ያለው በዚህ ሽማግሌ አፍ ብቻ ነው።

ቸር ይግጠመን!