የአምስት ዓመት ቴክሳስ፦ የኦክላሆማ የኤሮስፔስ መሐንዲሶች የግብር ክሬዲት

የአሜሪካዋ ኦክላሆማ ግዛት ሁለት ኃይለኛ ጎረቤቶች አሏት። በደቡብ ቴክሳስ አለች፤ ነዋሪዋ ለግዛቲቱ የገቢ ግብር አይከፍልም፤ በፎርት ዎርዝ ከተማም ሎክሂድ ማርቲን የኤፍ-35 ተዋጊ አውሮፕላንን ይገጣጥማል። በሰሜን ያለችው የካንሳስ ግዛት ደግሞ በአውሮፕላን ሥራ ስሟ የገነነውን የዊችታን ከተማ ይዛለች። ኦክላሆማ በበኩሏ ቢ-1፣ ቢ-52 እና ኬሲ-135 የተባሉት የጦር አውሮፕላኖች የሚጠገኑበት የቲንከር አየር ኃይል ሰፈር አላት። ሥራው ስላለ የግዛቲቱ ሕግ አውጪዎች ያሳሰባቸው የሚሠራው ሰው ጉዳይ ነበር።

እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የግብር ክሬዲት ለዚህ የተሰጠ መልስ ነው። በአውሮፕላንና በጠፈር (ኤሮስፔስ) ዘርፍ አዲስ የተቀጠረ መሐንዲስ በዓመት እስከ 5,000 ዶላር፣ ለ5 ዓመት ያህል ከግዛቱ የገቢ ግብር ላይ ይቀነስለታል። ቀጣሪውም ለመሐንዲሱ ከሚከፍለው ደመወዝ 10 በመቶው በክሬዲት ይታሰብለታል፤ መሐንዲሱ ከኦክላሆማ ውጭ የተመረቀ ከሆነ ግን 5 በመቶው ብቻ። ጣሪያው ለአንድ ሠራተኛ በዓመት 12,500 ዶላር ነው።

የሠራተኛው ድርሻ በጥሬ ገንዘብ የሚሰጥ አይደለም፤ ግብር የሌለበት ሰው ምንም አይመለስለትም። የግዛቲቱ ከፍተኛው የገቢ ግብር ምጣኔ እ.ኤ.አ. በ2022 4.75 በመቶ ነበር። በዚህ ስሌት ግብር የሚታሰብበት ገቢው 100,000 ዶላር የሆነ መሐንዲስ ዕዳው ከ5,000 ዶላር በታች ነው፤ ክሬዲቱም ሙሉ በሙሉ ይሰርዝለታል። በእኔ አረዳድ የሕጉ ትርጉም ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ኦክላሆማ ለወጣቱ መሐንዲስ የሰጠችው አምስት የቴክሳስ ዓመታትን ነው። ስድስተኛው ዓመት ሲመጣ ግን ቴክሳስ እዚያው ናት። ያን ጊዜ ሰውየውን የሚያስቀረው ትዳር፣ ቤትና የሥራ ባልደረባ ካልሆነ በቀር ሕጉ የሚለው የለውም።

ሌላም ቅድመ ሁኔታ አለ። ክሬዲቱን የሚያገኘው ከመቀጠሩ በፊት በኦክላሆማ የኤሮስፔስ ዘርፍ ውስጥ ያልነበረ ሰው ነው። ይህ ቀጣሪዎች እርስ በርስ ሠራተኛ እንዳይነጣጠቁ ይጠቅማል። ነገር ግን ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ጀምሮ በታማኝነት የቆየው መሐንዲስ ሙሉ ግብሩን እየከፈለ፣ አጠገቡ የተቀመጠው አዲስ መጤ ነፃ ይሆናል። ይህ ያሳዝነኛል።

ውጤቱን መለካት ከባድ ነው። ቦይንግ እ.ኤ.አ. በ2012 የዊችታ ተቋሙን እንደሚዘጋ ሲያስታውቅ የምህንድስናው ሥራ ወደ ኦክላሆማ ሲቲ እንዲዛወር ወስኗል። ታዲያ የሳበው ክሬዲቱ ነው ወይስ የቲንከር ቅርበት? የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ቲሞቲ ባርቲክ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት፣ ግዛቶች ከሚሰጡት ማበረታቻ የተነሣ በእርግጥ ውሳኔያቸውን የሚቀይሩት ድርጅቶች ከ2 እስከ 25 በመቶ እንደሚሆኑ ገምቷል። የቀሩት ያለ ማበረታቻውም ያንኑ ያደርጉ ነበር ማለት ነው።

ካንሳስም ዝም አላለችም። እ.ኤ.አ. በ2022 ለሠራተኛው በዓመት እስከ 5,000 ዶላር፣ ለ5 ዓመት የሚሰጥ ተመሳሳይ ሕግ አወጣች። ከዊችታ እስከ ኦክላሆማ ሲቲ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ እንኳን አይሞላም፤ ሁለቱም ያንኑ ገንዘብ ሲዘረጉ መሐንዲሱ የሚመርጠው በሌላ ምክንያት ነው፤ ሁለቱም ግምጃ ቤቶች ግን ያጣሉ። የምታስገርመው ራሷ ካንሳስ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በካንሳስ ሲቲ አካባቢ አንዳቸው የሌላውን ድርጅት በማበረታቻ እንዳይነጥቁ ከሚዙሪ ጋር ስምምነት ላይ ደርሳ ነበር።

ስለዚህ ከኦክላሆማ ሕግ ክፍሎች ተስፋ የምጥለው በቀጣሪው ድርሻ ላይ ነው፤ በ10 እና በ5 በመቶ መካከል ባለው ልዩነት። ልዩነቱ ኩባንያዎች በግዛቲቱ ኖርማን እና ስቲልዋተር ከተሞች ወዳሉት ዩኒቨርሲቲዎች እንዲመለከቱ ያደርጋል፤ ከጎረቤት ለተነጠቀ ሳይሆን አዲስ ለተፈጠረ ሙያ ይከፍላል። በቱልሳ የአሜሪካን አየር መንገድ ትልቅ የጥገና ማዕከል ውስጥ ሞተር የሚፈታው መካኒክ ግን የምህንድስና ዲግሪ ስለሌለው በዚህ ክሬዲት አይታቀፍም፤ አውሮፕላኑ ያለ እሱ ፊርማ እንደማይነሣ ሕግ አውጪዎቹ ያውቃሉ።